ግምት ያልተሰጠው ተጫዋች በቼዝ ምን ዕድል አለው?

የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና ግጥሚያ በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ያ ግምት ያልተሰጠው ሰውዬ እውነት ዕድል አለው?» የሚል። ለእኛ ለእግር ኳስ ሰዎች መልሱ ቀላል ነው። ኳስ ድቡልቡል ናት እንልና እናልፈዋለን። ዳኛ ይሳሳታል፣ ኳስ ተከላካይ ነክታ አቅጣጫ ትቀይራለች፣ ሜዳው ይጨቀያል፣ በረኛ ያንሸራትተዋል። ሌስተር ሲቲ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አቋማሪዎች የውድድር ዘመኑ ሲጀመር የሰጡት ግምት 5000 ለ1 ነበር።

ቼዝ ላይ ግን ጭቃ የለም። ዳኛውም ፔናሊቲ አይሰጥም። 64 ካሬ፣ 32 ጠጠር፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰዓት፤ በቃ። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሰሌዳ ነው፣ የተደበቀ ነገር የለም። ስለዚህ የተሻለው ያሸንፋል ማለት ነው። ታዲያ ደካማው ለምን ይመጣል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠው ሰው ሰርጌይ ካርያኪን ይባላል። ጊዜው ያው ሌስተር ጉድ ያሰኘበት 2016 ነው፤ ወሩ ህዳር፣ ቦታው ኒውዮርክ። ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ደግሞ ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን ነበር። ካርልሰን በ2013 ህንዳዊውን ቪስዋናታን አናንድን በገዛ ከተማው በቼናይ አሸንፎ ዘውዱን የጫነ፣ በ2014 በሶቺ እንደገና ያሸነፈው፣ ከ2011 ጀምሮ ከዓለም 1ኛነቱን ለማንም ያልሰጠ ሰው ነው። ሁለቱም የ1990 ልጆች ናቸው። ካርያኪን በ12 ዓመት ከ7 ወሩ ግራንድማስተር ሆኖ ዓለምን ያስገረመ ነበር፣ ክብረ ወሰኑም እስከ 2021 አልተሰበረም። ዳሩ ግን ሲያድጉ ካርልሰን ጥሎት ሄደ።

ቼዝ ላይ የተጫዋች አቅም የሚለካበት ኤሎ የሚባል ነጥብ አለ። ካርልሰን 2853፣ ካርያኪን 2772 ይዘው ነው የተቀመጡት። ልዩነቱ 81 ነው። በኤሎ ስሌት መሠረት 81 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከአንድ ጨዋታ በአማካይ 0.61 ነጥብ ያህል ይወስዳል። በ12 ጨዋታ ሲባዛ ካርልሰን 7.4፣ ካርያኪን 4.6 ይሆናል። ይሄ ማለት ሻምፒዮኑ አስራ ሁለቱን ጨዋታ ሳይጨርስ ይለይለታል ማለት ነው። ከግጥሚያው በፊት አብዛኛው ተንታኝ የተናገረውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

የአቻ ዋጋ

እዚህ ጋ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስላ። እግር ኳስ ላይ ማሸነፍ 3 ነጥብ ነው፣ አቻ 1። አንድ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ 38ቱንም ጨዋታ አቻ ቢወጣ 38 ነጥብ ይዞ ከመውረድ ካመለጠ ዕድለኛ ነው። ቼዝ ላይ ግን ማሸነፍ 1 ሲሆን አቻ ግማሽ ነው። ግማሽ! በ12 ጨዋታ 12 አቻ የወጣ ሰው 6 ነጥብ ይዞ ከዓለም ሻምፒዮን ጋር እኩል ይጨርሳል። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ማለት ነው። ዋልያዎቹ በ2013 በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ በ10 ሰው ተጫውተው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ የተሰማንን ስሜት ለምናስታውስ፣ ደካማው ለአቻ የሚሰጠው ክብር ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋንም። ልዩነቱ ያ አቻ ለእኛ 1 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ለቼዝ ተጫዋች ግን የግማሽ ድል ያህል ነው።

ስለዚህ የደካማው ሥራ ማሸነፍ ሳይሆን አለመሸነፍ ነው። ካርያኪን ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ቅጽል ስሙ ራሱ «የመከላከያ ሚኒስትር» ነው፤ የቼዝ ሰዎች ናቸው ያወጡለት። የሚጫወተው ኦቶ ሬሃገል በ2004 ግሪክን ይዞ አውሮፓን ያስለቀሰበትን ኳስ ነው። አያምርም፣ ግን አይገባበትም።

ፅናቱ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። በ2015 በባኩ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በፒተር ስቪድለር 2 ለ 0 ተመርቶ ነበር። ስቪድለር አንድ አቻ ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ተሳሳተ። ካርያኪን ሁለቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ 2 ለ 2 አደረገና በመለያው ዋንጫውን ወሰደ። በ2016 መጋቢት ሞስኮ ላይ ፈታኙን በሚለየው ውድድር የመጨረሻ ዙር አሜሪካዊው ፋቢያኖ ካሩዋና ለማሸነፍ ሲመጣበት ሩኩን መስዋዕት አድርጎ አሸነፈው። የሚከላከል ሰው በመልሶ ማጥቃት ይገድላል ማለት እንዲህ ነው።

ኒውዮርክ፣ ህዳር 2016

ግጥሚያው ህዳር 11 ተጀመረ። ካርልሰን የመጀመሪያውን ጨዋታ ትሮምፖውስኪ በሚባል አከፋፈት ጀመረው። ትራምፕ አሜሪካን ለመምራት ከተመረጠ ገና ሦስት ቀኑ ስለነበር ጋዜጠኛው ሁሉ ስሙን ይዞ ሳቀ። ጨዋታው ግን አቻ። ሁለተኛውም አቻ።

ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው ግጥሚያውን የነገሩን። በሦስተኛው ካርልሰን ሊያሸንፍ የሚችልበት ቦታ ደርሶ ነበር፤ ካርያኪን 78 እንቅስቃሴ ድረስ እየተፍጨረጨረ አቻ አደረገው። በአራተኛው ደግሞ ባሰበት። ካርልሰን በጥቁር እየተጫወተ በሁለት ቢሾፕ አፍኖ ያዘው፣ ሁሉም ሰው አለቀ አለ። ከዚያ ካርልሰን አንዲት ወታደር ያለቦታዋ ገፋ። ሰሌዳው ተቆለፈ። ካርያኪን ምሽጉን ሠራና ቁጭ አለ፣ ካርልሰን በግራ ቢል በቀኝ በር አጣ። 94 እንቅስቃሴ፣ አቻ። ኳስ ተቆጣጥሮ 30 ጊዜ መትቶ 0 ለ 0 የወጣ ቡድን ማታ እንቅልፍ የሚያገኝ ይመስላችኋል?

ይሄ ነው እንግዲህ ደካማው የሚጠብቀው። ኃይለኛው ይናደዳል። ማሸነፍ የነበረበትን ሁለት ጨዋታ አጥቷል፣ ቀኑ እየሄደ ነው፣ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። ስለዚህ ሲገፋ ከልኩ ያልፋል። በስምንተኛው ጨዋታ የሆነው ይኸው ነው። ካርልሰን ነጭ ነበር። (በቼዝ ነጭ ቀድሞ ስለሚጀምር በሜዳ እንደ መጫወት ይቆጠራል። በእኛ አገሩ ጥንታዊ ሰንጠረጅ ግን ይሄ ጣጣ አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር።) አቻ የነበረውን ጨዋታ እንደምንም አሸንፋለሁ ብሎ ጠመዘዘው፣ ጠመዘዘው፣ መጨረሻ ላይ በራሱ ላይ ተሰበረ። በ52ኛው እንቅስቃሴ እጁን ሰጠ። ለጋዜጣዊ መግለጫ ወጥቶ ካርያኪን እስኪመጣ ጥቂት ጠበቀና ተነስቶ ሄደ። ለዚህም የገንዘብ ቅጣት ተጥሎበታል።

ውጤቱ 4.5 ለ 3.5፤ መሪው ካርያኪን። አራት ጨዋታ ቀርቷል። አራት አቻ ብቻ! ለ«መከላከያ ሚኒስትሩ» አራት አቻ ምን አላት?

በዘጠነኛው ጨዋታ ጭራሽ ሁለተኛ ጎል ሊያገባ ነበር። ነጭ ይዞ ቢሾፑን መስዋዕት አድርጎ የካርልሰንን ንጉሥ አጋለጠው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የመከላከሉ ተራ የካርልሰን ሆነና አመለጠ። እዚህ ጋ የኔን አስተያየት ልናገር። ብዙ ሰው ካርያኪን የተሸነፈው በመለያው ነው ይላል። እኔ ግን የተሸነፈው በአስረኛው ጨዋታ በ20ኛው እንቅስቃሴ አካባቢ ነው ባይ ነኝ። በፈረሱ አንዲት ወታደር በልቶ ጨዋታውን በግድ አቻ የሚያደርግበት መንገድ ተከፍቶለት ነበር። አላየውም። አሥር ቀን ሙሉ አቻ ፍለጋ የኳተነ ሰው፣ አቻ ራሷ በር ስታንኳኳ ሳያያት ቀረ። ካርልሰን 75 እንቅስቃሴ ድረስ እየጨመቀ አሸነፈው። 5 ለ 5።

አሥራ አንደኛው አቻ። አሥራ ሁለተኛው ደግሞ ጉድ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ፣ ካርልሰን ነጭ ይዟል፣ ተመልካች ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ገብቷል። 35 ደቂቃ ያህል፣ 30 እንቅስቃሴ፣ አቻ፣ ደህና ሁኑ። ሰው ተቆጣ። ግን አስቡት፤ በዚህ ጊዜ አቻ የፈለገው ደካማው ሳይሆን ኃይለኛው ነው። ለምን?

የመለያው ምት

ምክንያቱም 6 ለ 6 ሲሆን የሚቀጥለው ፈጣን ጨዋታ ነው። ለአንድ ሰው 25 ደቂቃ፣ በየእንቅስቃሴው 10 ሰከንድ ጭማሪ። እንደ እኛ የመለያ ምት መሆኑ ነው። ለመለያ ምት ብሎ 120 ደቂቃ የሚከላከል ቡድን ጥሩ በረኛ ሊኖረው ይገባል። ካርልሰን ደግሞ በፈጣን ጨዋታ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የሚፈራ ነው። እና የካርያኪን ታክቲክ ጥሩ ነበር፤ የሚያደርሰው ቦታ ነው መጥፎው።

ህዳር 30 የካርልሰን 26ኛ የልደት ቀን ነው። የመጀመሪያው አቻ። በሁለተኛው ካርያኪን ሰዓቱ አልቆበት በሰከንድ እየኖረ፣ የሞተ የሚመስል ቦታ ላይ ሆኖ ሌላ አቻ ፈለቀቀ። ሰውዬው አይሞትም እንዴ ተባለ። ሦስተኛውን ግን ካርልሰን በጥቁር አሸነፈ። አራተኛው ላይ ካርያኪን ማሸነፍ ግዴታው ስለሆነ መክፈት ነበረበት። የሚከላከል ቡድን ተገድዶ ሲያጠቃ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ካርልሰን በ50ኛው እንቅስቃሴ ንግሥቱን በነፃ ሰጠው። በንጉሥ ቢበላት ቼክሜት፣ በወታደር ቢበላት ቼክሜት። 3 ለ 1 ተጠናቀቀ።

ያም ሆኖ ውጤቱን ከስሌቱ ጋር አስተያዩት። 4.6 ነጥብ የተገመተለት ሰው በዋናው ግጥሚያ 6 አመጣ። በዚያው ዓመት ታህሳስ ዶሃ ላይ በተደረገው የዓለም የብሊትዝ ሻምፒዮና ደግሞ ከካርልሰን ጋር እኩል ነጥብ ይዘው በመለያ ሕግ ዋንጫውን የወሰደው ራሱ ካርያኪን ነው።

የበርሊን ግንብ

ታዲያ መከላከል ብቻውን ሻምፒዮን ያደርጋል? አድርጓል። 2000፣ ለንደን። ጋሪ ካስፓሮቭ ከ1985 ጀምሮ ሻምፒዮን ነው፤ ነጥቡ 2849። ተጋጣሚው ቭላድሚር ክራምኒክ 2770። ልዩነቱ የካርልሰንና የካርያኪንን ያህል ነው። እንዲያውም ክራምኒክ እዚያ መገኘቱ ራሱ ያነጋግራል። በ1998 ስፔን ካዞርላ ላይ አሌክሲ ሺሮቭ 5.5 ለ 3.5 አሸንፎት ነበር። ካስፓሮቭን መግጠም የነበረበት ሺሮቭ ነው። ገንዘብ የሚያወጣ ስላልተገኘ ግጥሚያው ቀረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተጠራው ተሸናፊው ሆነ። ግማሽ ፍጻሜ ያሸነፈ ቡድን ቀርቶ የተሸነፈው ፍጻሜ ሲገባ ማለት ነው። ሺሮቭ ዕድሉን ዳግም አላገኘም።

ክራምኒክ ግን አንድ የያዘው ነገር ነበር። በ1995 ካስፓሮቭ አናንድን ሲገጥም በዝግጅቱ የረዳው እሱ ነው፤ እንደ ምክትል አሰልጣኝ በሉት። ጓዳውን ያውቃል። እና ካስፓሮቭ ምን እንደሚወድም ያውቃል፤ ንግሥት ሰሌዳ ላይ ስትኖር፣ ጠጠር ሲራወጥ፣ እሳት ሲነድ። ስለዚህ በርሊን የሚባል አሮጌ መከላከያ ይዞ መጣ። በዚህ አከፋፈት ገና በመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች ሁለቱም ንግሥቶች ከሰሌዳ ይወጣሉ። የሁለቱም ቡድን አጥቂ በ10ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወጣ እንደ ማለት ነው። የጥቁሩ ንጉሥ መሐል ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ግን የሚነካው የለም። ካስፓሮቭ በነጭ አራት ጊዜ ሞከረው። አራቱም አቻ።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በዚያ ግጥሚያ 8 ለ 8 ከሆነ ዘውዱ የካስፓሮቭ ነው፤ መለያ የሚባል የለም። ስለዚህ ለክራምኒክ አቻ ብቻ አይበቃውም፣ አንድ ጎል የግድ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ በነጭ አገባት። ከዚያ በሩን ዘጋ። በአሥረኛው በ25 እንቅስቃሴ ሁለተኛዋን ጨመረ። 8.5 ለ 6.5፤ ካስፓሮቭ በ15 ጨዋታ አንድም ሳያሸንፍ ዘውዱን አጣ። መጀመሪያ አግብቶ ከዚያ ባስ ማቆም የጣሊያኖች ትምህርት ነው፤ ካርያኪንም ያገባው በስምንተኛው ባይሆንና በሁለተኛው ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ወይም ደግሞ ስድስት ቀን ተጨማሪ ጭንቀት ይሆንበት ነበር፣ ማን ያውቃል።

ባለ ዘውዱ ግምት ሲያጣ

በመጋቢት 2022 ካርያኪን ሩሲያ በዩክሬን ላይ የከፈተችውን ጦርነት ደግፎ በአደባባይ በመናገሩ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ስድስት ወር አገደው። በዚህ ምክንያት ከፈታኞች ውድድር ወጣ። በቦታው የገባው ቻይናዊው ዲንግ ሊረን ነው። ዲንግ ሁለተኛ ወጣ፣ ካርልሰን ደግሞ ዘውዴን አልከላከልም ብሎ ተወ፣ ስለዚህ አንደኛና ሁለተኛው ሊገጥሙ ሆነ። በሚያዝያ 2023 አስታና ላይ ዲንግ ሦስት ጊዜ ተመርቶ ሦስት ጊዜ አቻ እያደረገ 7 ለ 7 ደረሰና በፈጣኑ ጨዋታ ኢያን ኔፖምኒያሺን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ዲንግ ወረደ። ታመመ፣ ወራት ሙሉ ከሰሌዳ ራቀ፣ ሲመለስም ጨዋታው አልተመለሰም። ህዳር 2024 ሲንጋፖር ላይ ከ18 ዓመቱ ህንዳዊ ጉኬሽ ዶማራጁ ጋር ሲቀመጥ ሻምፒዮኑ እሱ ነው፣ ግምት የሌለውም እሱ ነው። 2728 ለ 2783። አንዳንዱ ግጥሚያው 14 ጨዋታ አይሞላም ብሎ ነበር።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በጥቁር አሸነፈ! ሰው ዓይኑን አላመነም። ሦስተኛውን ሰዓቱ አልቆበት ተሸነፈ። ከዚያ ሰባት አቻ በተከታታይ። ዲንግ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ እንኳ ሳይገፋ አቻ መቀበሉ ተተችቷል። እኔ ግን አልፈርድበትም። የሱ ስሌት ከካርያኪን የተለየ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ያለው ፈጣን ጨዋታ ለሱ ነው የሚመቸው። በዚያ ጊዜ በፈጣን ጨዋታ ከልጁ ይሻላል ተብሎ የሚታሰበው ዲንግ ነበር። ጥሩ በረኛ ይዞ ለመለያ ምት መጫወት ማለት ይሄ ነው። 11ኛውን ተሸነፈ፣ አለቀለት ሲባል 12ኛውን አሸነፈ። 13ኛው አቻ። 6.5 ለ 6.5።

ታህሳስ 12፣ የመጨረሻው ጨዋታ። ዲንግ ነጭ ይዟል። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እየለዋወጠ ወደ አቻ ነዳው። አንድ ወታደር ጎድሎበታል፣ ግን ለዚህ ደረጃ ተጫዋች አቻ ማድረግ የማይከብድ ቦታ ነው። ሩክ ከሩክ፣ ቢሾፕ ከቢሾፕ። ጉኬሽ ግን አቻ በሉኝ አላለም፤ ሌላ ምንም የሚያደርገው ስለሌለ ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ያንቀሳቅሳል። 55ኛው ላይ ዲንግ ሩኩን ለልውውጥ አቀረበ። ሩኮቹ ከወጡ ግን ቢሾፖቹም መለዋወጣቸው አይቀርም፤ የሱ ማዕዘን ላይ ተይዛለች፣ መውጫ የላትም። ከዚያ የሚቀሩት ንጉሥና ወታደር ብቻ ናቸው፣ ጉኬሽ ደግሞ አንድ ወታደር ይበልጣል። ልጁ መጀመሪያ አላየውም፣ ከዚያ አየው። ሦስት እንቅስቃሴ ቆይቶ ዲንግ እጁን ሰጠ።

ስሌቱ ለዲንግ የሰጠው ከ14 ጨዋታ 5.9 ነጥብ ነበር፤ ያመጣው 6.5 ነው። ጉኬሽ እያለቀሰ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። በማግስቱ ሊደረግ የነበረው ፈጣን ጨዋታ፣ ዲንግ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደሱ ሲጓዝ የነበረበት ቀጠሮ፣ ሳይደረግ ቀረ።